«ብልጣሶር» ሲሉት ዳንኤል ለምን ዝም አለ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። ወደ አረብ አገር ልሄድ ስል ደላላው «በክርስቲያን ስም ሥራ ቶሎ አይገኝም» አለኝ። ፓስፖርቴ በሙስሊም ስም ወጣ። ማተቤን ፈትቼ ለእናቴ ሰጠኋትና ሄድኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ ስም ተጠራሁ። አሠሪዎቼ የሚያውቁኝ ሙስሊም ነች ብለው ነው። ረመዳንንም አብሬያቸው ጾሜአለሁ። ማታ ማታ ግን በሬን ዘግቼ አቡነ ዘበሰማያት እደግም ነበር። አሁን አገሬ ገብቻለሁ። አንድ ዘመዴ በሰው ፊት «አንቺማ ስምሽን የካድሽ ነሽ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ነው የምመለሰው። ዳንኤል ስሙን ሲቀይሩበት ምንም አላለም። ምግቡ ላይ ሲደርስ ግን እምቢ አለ። ለምን ይሆን? እኔስ ከየትኛው ወገን ነኝ?

ምላሽ፦ እህቴ፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ።

የጠየቅሽው ብዙ ጊዜ ዘለን የምናልፈውን ቦታ ነው። ስለ ዳንኤል ስንናገር ወደ አንበሶቹ ጉድጓድ እንቸኩላለን። ምዕራፍ አንድ ግን ላንቺ የተጻፈ ይመስላል። ስለዚህ እዚያው ትንሽ እንቆይ።

ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 605 ዓመት ገደማ ነው። ናቡከደነፆር በከርከሚሽ ግብፆችን ድል ካደረገ በኋላ አካባቢው ሁሉ በእጁ ገባ። ከኢየሩሳሌም መልከ መልካምና አስተዋይ የሆኑ ልጆች ተመርጠው ወደ ባቢሎን ተወሰዱ። ሦስት ዓመት በቤተ መንግሥት ሊማሩ ነው። የሚማሩት ደግሞ የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ ነው። ይህ ትምህርት ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። በሸክላ ሰሌዳ ላይ የሚቀረጽ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምልክቶች ያሉት ጽሕፈት ነው። የሚነበበው ደግሞ የባቢሎን አማልክት ታሪክ፣ የሕልም ፍቺ፣ የከዋክብት ምልክት ነው። ዳንኤል ይህን ሁሉ ተማረ። አልተቃወመም። እንዲያውም ከአገሩ ጠቢባን ዐሥር እጅ በልጦ ተገኘ ይላል መጽሐፉ።

ከዚያ ስሙ መጣ። የአራቱም ልጆች ስም ውስጥ አምላካቸው አለ። ዳንኤል ማለት «እግዚአብሔር ፈራጄ ነው» ነው። አናንያ «እግዚአብሔር ጸጋን ሰጠ»፣ ሚሳኤል «እንደ እግዚአብሔር ያለ ማን ነው»፣ አዛርያ ደግሞ «እግዚአብሔር ረዳ» ማለት ነው። በነዚህ ፈንታ ብልጣሶር፣ ሲድራቅ፣ ሚሳቅና አብደናጎ ተባሉ። አብደናጎ የሚለው ስም መነሻው «የናቡ አገልጋይ» ነው። ናቡ የባቢሎን የጽሕፈት አምላክ ነበር። ስለ ብልጣሶርም ናቡከደነፆር ራሱ በምዕራፍ አራት «እንደ አምላኬ ስም» ይላል። እናቱ «እግዚአብሔር ረዳ» ብላ ስም ያወጣችለትን ልጅ በየቀኑ «የናቡ አገልጋይ፣ ና እስቲ» ብለው ሲጠሩት አስቢው። የደላላሽ ሥራ ከዚህ አይከፋም።

እነሱም ዝም አሉ። ዝም ማለታቸውን መጽሐፉ አይነቅፍም፤ አያመሰግንምም።

አሁን አማርኛው ውስጥ የማይታይ ነገር ላሳይሽ። በ1954 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፍ ቅዱሳችን ቁጥር 7 ላይ የጃንደረቦቹ አለቃ ስም «አወጣላቸው» ይላል። ቁጥር 8 ላይ ደግሞ ዳንኤል እንዳይረክስ በልቡ «አሰበ» ይላል። በዕብራይስጡ ግን ሁለቱ ቦታ ላይ ያለው ግሥ አንድ ነው፤ «ዋያሴም» ይላል። «አኖረ፣ አስቀመጠ» ማለት ነው። አለቃው ስም አኖረባቸው። ዳንኤል ግን በልቡ አኖረ። ጸሐፊው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ሆን ብሎ ይመስለኛል። ሌላ ሰው ባንቺ ላይ የሚያኖረው አለ። አንቺ በልብሽ የምታኖሪው አለ። የዳንኤል ታሪክ የሚጀምረው ሁለተኛው ላይ ነው።

እሺ፣ ለምን ምግብ ሆነ? ብዙ ሰው «ሕጉ ስለሚከለክል» ብሎ ይመልሳል። ግማሹ እውነት ነው። የንጉሡ ሥጋ በሙሴ ሕግ ርኩስ የሆነ ሊኖርበት ይችላል፤ ለጣዖት የቀረበም ሊሆን ይችላል። ወይን ጠጅን ግን ሕጉ ለተራ እስራኤላዊ አይከለክልም። ዳንኤል እሱንም አልፈልግም አለ። ደግሞ ምዕራፍ ዐሥር ላይ ካረጀ በኋላ ሦስት ሳምንት ሲያዝን «ሥጋና ጠጅ በአፌ አልገባም» ይላል። ታዲያ ከሦስቱ ሳምንት ውጭ ይገባ ነበር ማለት ነው። የዕድሜ ልክ ክልከላ አልነበረም።

ሌላም አለ። የይሁዳ ንጉሥ ዮአኪን ከእስር ከተፈታ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ከባቢሎን ንጉሥ ማዕድ በላ። መጽሐፈ ነገሥት የሚያልቀው በዚህ ነው፤ የሚነግረንም እንደ መልካም ዜና ነው። ባቢሎን ውስጥ በቁፋሮ የተገኙ የሸክላ ሰሌዳዎችም ለይሁዳ ንጉሥ ለዮአኪን የሚሰጠውን የዘይት ቀለብ መዝግበዋል። አንዱ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ592 ዓመት ነው። ከንጉሥ ማዕድ መብላት በራሱ ክህደት ቢሆን ኖሮ ዮአኪን በዚያ መልክ ባልተጻፈ ነበር።

የኔ ግምት ይህ ነው። ስም በሌላ ሰው አፍ ውስጥ ነው ያለው። ንጉሡ ብልጣሶር ብሎ ሲጣራ አፉን መያዝ አይቻልም። ምግብ ግን በራስ እጅ ተነሥቶ በራስ አፍ ይገባል። ዳንኤል መስመሩን ያሰመረው በሚችልበት ቦታ ላይ ነው። የንጉሡን እንጀራ መብላት በዚያ ዘመን «ያንተ ነኝ» እንደ ማለትም ነበር። ስለዚህ ቋንቋህን እማራለሁ፣ በሰጠኸኝ ስም እጠራለሁ፣ ሥራህን እሠራለሁ፤ ሙሉ በሙሉ ግን ያንተ አይደለሁም አለ።

እንዴት እንዳለውም እዪ። ንጉሡ ፊት ቆሞ አልጮኸም። በላያቸው የተሾመውን ሰው ለመነ። «ዐሥር ቀን ጥራጥሬና ውኃ ስጠንና ፊታችንን እይ» አለው። ንጉሡ ይህን አወቀ የሚል ቃል የለም። የሚያውቁት አራቱ ልጆች፣ ጠባቂያቸውና አለቃቸው ብቻ ናቸው። በኋላ ዳንኤል መስኮቱን ከፍቶ በግልጽ ጸልዮአል፤ እውነት ነው። ያኔ ግን ሽማግሌ ነው፣ ትልቅ ባለሥልጣን ነው። ልጅ ሆኖ በሰው ቤት ሳለ የጠበቀው እምነት በድብቅ የተጠበቀ ነው። አንቺ በርሽን ዘግተሽ አቡነ ዘበሰማያት ስትደግሚ የነበርሽበት ቦታ እዚህ ምዕራፍ አንድ ውስጥ ነው።

ዳንኤል ብቻውን አይደለም። ከነቢያትና ከነገሥታት ውጭ ያለው ተራ ምርኮኛም ስም ቀይሯል። በባቢሎን ምድር ከነበረችው ከኒፑር ከተማ ብዙም በማይርቅ ገጠር «አል ያሁዱ» ማለትም «የይሁዳ ከተማ» የሚባል መንደር ነበር። ምርኮኞቹ እዚያ ሰፍረው እርሻ ያርሱ፣ ግብር ይከፍሉ ነበር። ውሎቻቸው የተጻፉባቸው ከመቶ በላይ የሸክላ ሰሌዳዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ታትመዋል። እዚያ ውስጥ አንድ ሰው አለ። በአንዱ ውል ላይ «ያሁ ንጉሡን ይጠብቅ» የሚል ስም አለው። በሌላው ውል ላይ ያው ሰው «ቤል ንጉሡን ይጠብቅ» ተብሎ ተጽፏል። ያሁ የእስራኤል አምላክ ስም አጭሩ ነው። ቤል የባቢሎን አምላክ ነው። አንድ ሰው፣ ሁለት ስም፣ ሁለት አምላክ! ጸሐፊው ይሁን ራሱ ሰውየው የለወጠው ሰሌዳው አይነግረንም። ይህን ሳነብ ግን የሚታየኝ ዶሴ ይዞ ቢሮ ደጃፍ የቆመ ሰው ነው። የትኛው ስም ጉዳዩን ቶሎ እንደሚያስጨርስለት የሚያውቅ ሰው።

በነገራችን ላይ ቤተ መቅደሱን መልሶ የሠራው ዘሩባቤልም ስሙ «የባቢሎን ዘር» ማለት ነው። የአይሁድ ወሮች ስምም ከባቢሎን የመጣ ነው። ሕዝቅኤል ሴቶች ለተሙዝ ሲያለቅሱ አይቶ ርኵሰት ያለው የጣዖት ስም ዛሬ በአይሁድ ዘመን አቆጣጠር የወር ስም ሆኖ ተቀምጧል። የዳንኤል መጽሐፍ ራሱ ከምዕራፍ ሁለት እስከ ሰባት በአብዛኛው በአራማይስጥ ነው የተጻፈው። ከሰው አገር ቋንቋ ብዙ ነገር ገብቷል። እምነቱ ግን አልጠፋም።

ዮሴፍን ደግሞ ተመልከቺ። ፂሙን ተላጨ፣ የግብፅ ልብስ ለበሰ፣ ጸፍናት ፐዕናህ ተባለ። የኦን ከተማ ካህን ልጅ የሆነችውን አስናትን አገባ። ወንድሞቹ ፊቱ ቆመው አላወቁትም። በአስተርጓሚ ነበር የሚያናግራቸው። ከዚህ በላይ ምን መለወጥ አለ? ያ የግብፅ ስም ግን በኦሪት ዘፍጥረት አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፎ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ተራኪው ሁልጊዜ ዮሴፍ ነው የሚለው። ልጆቹንም ምናሴና ኤፍሬም ብሎ በዕብራይስጥ ሰየማቸው። ሲሞት እንደ ግብፃዊ ሽቱ ቀብተው፣ ሣጥን ውስጥ አኖሩት። ከመሞቱ በፊት ግን «አጥንቴን ከዚህ ውሰዱ» ብሎ አስምሏቸው ነበር።

የእኛው ኩፋሌ ደግሞ አንድ የሚያምር ነገር ይጨምራል። የጲጥፋራ ሚስት ዮሴፍን ስትፈትነው አባቱ ያዕቆብ ከአብርሃም ቃል ያነብላቸው የነበረውን አስታወሰ ይላል። ሰው ቤት ያለ ባሪያ ነው። መጽሐፍ የለውም፣ መሠዊያ የለውም፣ የሚያየው ዘመድ የለውም። ያለው ልጅ ሳለ የሰማው ብቻ ነው። አንቺስ አቡነ ዘበሰማያትን ከመጽሐፍ እያነበብሽ ነበር? አይመስለኝም። ኩፋሌ ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ መሆኑን ታውቂ እንደሆን አላውቅም። ከሙት ባሕር አጠገብ ከቁምራን ዋሻዎች የዕብራይስጡ ቁርጥራጭ ሲገኝ የእኛ አባቶች የያዙት መጽሐፍ ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ታየ።

ላንቺ በጣም የምትቀርበው ግን አስቴር ትመስለኛለች። ሴት ናት፣ በሰው ቤት ናት፣ ማን መሆኗን ደብቃለች። የዕብራይስጥ ስሟ ሀደሳ ነው። የአጎቷ ልጅ መርዶክዮስ፣ ስሙ ራሱ ከባቢሎኑ አምላክ ከማርዱክ የመጣ ነው፣ ወገንሽን እንዳትናገሪ ብሎ አዘዛት። እሷም ከአራት ዓመት በላይ አልተናገረችም። የሚሰጧትን ምግብ አልበላም አለች የሚል ቃል በዕብራይስጡ የለም። ጸለየች የሚልም የለም። እንዲያውም የእግዚአብሔር ስም በዕብራይስጡ አስቴር አንድም ቦታ አይገኝም።

ይህ የጥንት አንባቢዎችንም አስጨንቋል። ወደ ግሪክ ሲተረጎም አንድ ረጅም ጸሎት ገባበት። እዚያ አስቴር ለአምላኳ ምሥጢሯን ትዘረግፋለች። ከሐማ ማዕድ አልበላሁም ትላለች። ለጣዖት የተቀዳውን ጠጅ አልጠጣሁም ትላለች። ዘውዱንም የምደፋው በሰው ፊት ስታይ ግድ ሆኖብኝ ነው፤ ብቻዬን ስሆን አልደፋውም ትላለች። ይህን ቃል በጣም ነው የምወደው። ከውጭ የሚያያት ሰው ንግሥት ያያል። በሩ ሲዘጋ ዘውዱን አውልቃ ታስቀምጠዋለች።

አንድ የሚያንስ ታሪክ ልጨምር። ሶርያዊው ንዕማን ከለምጹ ከነጻ በኋላ ከእስራኤል አምላክ በቀር ለሌላ አልሠዋም አለ። የሁለት በቅሎ ጭነት አፈርም ለምኖ ወሰደ። ከዚያ ግን አንድ ጭንቀቱን ለኤልሳዕ ነገረው። ጌታዬ ንጉሡ በጣዖቱ በሬሞን ቤት ሲሰግድ እጄን ይደገፋል፤ እኔም አብሬ እጎነበሳለሁ፤ ስለዚህ ነገር እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ አለ። ኤልሳዕ «ሥራህን ልቀቅ» አላለውም። «ምንም የለበትም» ብሎም አላለፈውም። «በሰላም ሂድ» አለው። ንዕማን የሚያደርገው ነገር ትክክል እንዳልሆነ ያውቃል። ስለሚያውቅም ነው ይቅርታ የለመነ። ነቢዩ ደግሞ ጭንቀቱን ሰምቶ በሰላም ሸኘው።

እዚህ ላይ ካቆምኩ ግን ደስ የሚልሽን ብቻ መርጬ የነገርኩሽ ይመስላል። መጽሐፉ ሌላ ድምፅም አለው።

ነህምያ ከአሽዶድ ሴቶች የተወለዱት ልጆች የአይሁድን ቋንቋ መናገር ሲያቅታቸው አይቶ አባቶቻቸውን ረገመ፣ መታ፣ ጠጕራቸውን ነጨ። ኩፋሌም አብርሃም ያዕቆብን «ከአሕዛብ ተለይ፤ ከእነሱ ጋር አትብላ» እንዳለው ይጽፋል። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን በግሪክ በተጻፈው ሁለተኛ መቃብያን ያለው የአልዓዛር ታሪክ ነው። ይህ ከእኛው መቃብያን የተለየ መጽሐፍ ነው። ዘመኑ የሶርያው ንጉሥ አንጥያኮስ አራተኛ የአይሁድን ሃይማኖት የከለከለበት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 167 ገደማ ነው። አልዓዛር የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ነው፣ የሕግ መምህር ነው። የአሳማ ሥጋ ብላ ተባለ። ወዳጆቹ አዘኑለትና «የተፈቀደ ሥጋ አምጣና የታዘዝከውን የበላህ ምሰል» አሉት። እምቢ አለ። ወጣቶቹ አልዓዛር በዘጠና ዓመቱ ከዳ ብለው በእኔ ይሰናከላሉ አለ። ሞተ።

ታዲያ አስቴር ደበቀች፣ አልዓዛር መምሰልን እንኳ አልቀበልም አለ። የትኛው ትክክል ነው? ሁለቱንም አከብራለሁ። ልዩነታቸውን ግን እዪ። አልዓዛር መምህር ነው፤ ከተማው ሁሉ እያየው ነው። አዋጁ የወጣው እምነቱን ከምድር ሊያጠፋ ነው። በዱራ ሜዳ ናቡከደነፆር ላቆመው ምስል ስገዱ የተባሉት ሦስቱ የዳንኤል ጓደኞችም እንዲሁ። ሲድራቅ፣ ሚሳቅና አብደናጎ መባሉን የተሸከሙት ልጆች ስገዱ ሲባሉ ግን እሳቱን መረጡ። ስም ሌላ ነው፣ ስግደት ሌላ ነው። አንቺን ግን ክርስቶስን ካጂ ብሎ ሰይፍ የመዘዘብሽ የለም። የሸሸሽው ድህነትን ነው፤ የዋሸልሽም ደላላ ነው።

አሠሪዎችሽን ደግሞ ከናቡከደነፆር ጋር እንዳላመሳስላቸው እፈራለሁ። ሙስሊሞች ለምስል አይሰግዱም፤ ረመዳንም የጣዖት በዓል አይደለም። እኛ አገር ክርስቲያኑ ለሙስሊም ጎረቤቱ አፍጥር፣ ሙስሊሙም ለክርስቲያኑ ጾም መግደፊያ ሲጠራራ የኖረ ነው። አብረሽ መራብሽ ብቻውን አያስጨንቅሽ። ኤርምያስ ለምርኮኞቹ በጻፈው ደብዳቤ የተቀመጣችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ ብሏቸዋል። ዘጠኝ ዓመት የሰው ልጅ አሳድገሽ፣ የሰው ሽማግሌ አስታመሽ ከሆነ ያም በዚህ ውስጥ ነው።

የሚያምሽ ሌላ ነገር እንደሆነ ይገባኛል። «ሙስሊም ነኝ» ብለሽ በአፍሽ የተናገርሽባቸው ቀኖች ይኖራሉ። እሱን ምንም አይደለም ብዬ አላቃልልብሽም። ቁስሉ እውነተኛ ነው። ዘመድሽ የተጠቀመበት «መካድ» የሚለው ቃልም በመጽሐፍ ቅዱስ ያለ ቃል ነው። ከማንም በላይ የተነገረው ግን በጴጥሮስ ላይ ነው። ጴጥሮስን የጠየቀችው ሰይፍ የያዘ ወታደር አይደለችም፤ የሰው ቤት ገረድ ናት። ያጋለጠውም የገሊላ አነጋገሩ ነው። ፈርቶ ሦስት ጊዜ አላውቀውም አለ። ይህ የሆነው የከሰል እሳት አጠገብ ነው። ጌታ ከተነሣ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር የከሰል እሳት አንድዶ ጠበቀው። ሦስት ጊዜ ትወደኛለህን አለው። ያኔ «ጴጥሮስ» ብሎ አልጠራውም። «የዮና ልጅ ስምዖን ሆይ» ነው ያለው፤ አባቱ ቤት ሳለ በሚጠራበት ስም።

ደግሞ «ስምሽን ካድሽ» የሚለው አባባል ራሱ ትንሽ ተሳስቷል። በራእይ መጽሐፍ ለፊልድልፍያ ቤተ ክርስቲያን የተነገረው «ስሜን አልካድህም» ነው። መጽሐፉ የሚጠይቀው የእርሱ ስም እንዴት እንደተያዘ ነው። የእኛ ስም በየመዝገብ ቤቱ ሲለወጥ ኖሯል። ወደ እስራኤል የገቡ ብዙ ቤተ እስራኤላውያንም ገና እንደደረሱ አዲስ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል። ወገኖቻቸው ናቸው የሰጧቸው፤ በክፋት ላይሆን ይችላል። ያም ሆኖ ብዙዎቹ ወላጆቻቸው ወዳወጡላቸው ስም ተመልሰዋል።

አሁን ወደ ዳንኤል ልመልስሽ። ከምዕራፍ አንድ በኋላ መጽሐፉ ሦስቱን ልጆች ሲድራቅ፣ ሚሳቅ፣ አብደናጎ እያለ ነው የሚጠራቸው። በዕብራይስጡና በአራማይስጡ መጽሐፍ የቀድሞ ስማቸው የሚመለሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ምዕራፍ ሁለት ቁጥር 17 ላይ። የት መሰለሽ? ዳንኤል ወደ ቤቱ ገብቶ ለአናንያ፣ ለሚሳኤልና ለአዛርያ ነገሩን ነገራቸው ይላል። ቤት ውስጥ ነው። ሊጸልዩ ነው። እዚያ አብደናጎ የሚባል የለም።

ምዕራፍ ሦስት ላይ ደግሞ በግሪኩና በእኛው መጽሐፍ ቅዱስ ያለው ጸሎት ይህንኑ ያጎላዋል። ወደ እሳቱ የሚጣሉት ሲድራቅ፣ ሚሳቅና አብደናጎ ናቸው። እሳቱ ውስጥ ቆሞ የሚጸልየው ግን አዛርያ ነው። ምስጋናው ሲያልቅም «አናንያ፣ አዛርያ፣ ሚሳኤል፣ እግዚአብሔርን አመስግኑ» ይባላል። ንጉሡ ከደጅ ሲጣራ ሲድራቅ፣ ሚሳቅ ይላል። ንጉሡ ሌላውን ስም አያውቀውማ! በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ዕለት የምናስባቸው እነዚህን ሦስቱን ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ሠለስቱ ደቂቅ ብላ ስትዘምር የምታነሣው አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ነው።

ያንቺም ነገር እንዲህ ነው። ደላላው የቀየረው የመዝገብ ስምሽን ነው። የክርስትና ስምሽ ግን ፓስፖርት ላይ ተጽፎ አያውቅም። ደላላው አልጠየቀሽም፣ አሠሪዎችሽ አልሰሙትም፣ ማንም አልነካውም። የተጠመቅሽበት ቀን የወጣልሽ ስም ዘጠኙን ዓመት ሙሉ እንዳለ ነበረ።

ሁለተኛ አትጠመቂም። በጸሎተ ሃይማኖት «በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» እንላለንና። ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂና ለእኔ እንደነገርሽኝ ንገሪያቸው። ረመዳኑንም፣ በአፍሽ ያልሽውንም፣ የማታውን ጸሎትም ሳታስቀሪ። ከሌላ እምነት ለሚመለስ ሰው የሚደርስ መጽሐፈ ቄደር የሚባል ጸሎት አለ። ያስፈልግሻል ወይስ ንስሐው ይበቃሻል የሚለውን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ዘመድሽ አይደለም፤ እኔም አይደለሁም። ምን ብዬ እጀምራለሁ ብለሽ አትጨነቂ። መጀመሪያ የሚጠይቁሽ «የክርስትና ስምሽ ማነው?» ብለው ነው።

ደግሞ ስትጽፊልኝ ማተቤን «ፈትቼ» ነው ያልሽው። «በጥሼ» አላልሽም። ፈትተሽም ለእናትሽ ነው የሰጠሻት። የት እንዳስቀመጠችው ጠይቂያት።